በለቅሶ ቤት ደራሲ፣ በመድረክ አጃቢ

ከጎንደር ተነስቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው አንድ ቀን መንገድ ዳር ለቅሶ ሳይገጥመው አይቀርም። መኪናው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሾፌሩ ሙዚቃውን ያጠፋል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዲት ባልቴት ድምጻቸውን ከፍ አድርገው ሁለት ስንኝ ያወርዳሉ፤ ለቀስተኛው ይቀበላቸዋል። አንዴ በልጆቹ አንደበት ሟችን ይጠይቃሉ፤ አንዴ ራሳቸውን ሟች አድርገው ለልጆቹ ይመልሳሉ። የሟችን ጋቢ ወይም ጠመንጃ ያሳያሉ፤ የዘር ሐረጉን ይቆጥራሉ፤ አንዳንዴም ከለቀስተኛው መሀል ለቆመ ባላጋራ ሰምና ወርቅ ጣል ያደርጋሉ። የገባው ይገባዋል።

ይህንን በቴአትር ሰዎች ቋንቋ እንየው። ገፀ ባሕርያት አሉ፤ ቃለ ተውኔት አለ፤ የመድረክ ቁሳቁስ አለ፤ ተቀባይ አለ፤ ግጭትም አለ። ደራሲዋም፣ አዘጋጇም፣ ተዋናይዋም አንዲት ሴት ናቸው። ለዚህ ሥራ ዕድሜ እንቅፋት ሳይሆን መመዘኛ ነው። የሦስት ትውልድ ሙትና ቁስለኛ የማታውቅ ወጣት ሙሾ ልታወርድ ብትነሳ ማን ይሰማታል?

እዚህ ላይ ጥያቄው ይነሳል። ገጠሩ ለባልቴት የሰጠውን የደራሲነት ቦታ የከተማው ቴአትር ለምን ነፈጋት? በአማርኛ ተውኔት ውስጥ አሮጊት ማየት ብርቅ አይደለም። የምትመጣው ግን ልጇ የጠፋባት እናት፣ ነገረኛ አማት፣ ጠንቋይ ቤት የምታመላልስ ጎረቤት ወይም ቡና ላይ ሐሜት የምታቀብል አሮጊት ሆና ነው። ታለቅሳለች፣ ታስቃለች፣ ትረግማለች። ታሪኩ ግን የእርሷ አይደለም። ብዙ ጊዜም የምትተውነው ጸጉሯን ነጭ የተቀባች፣ ወገቧን አጉብጣ ዱላ የያዘች ወጣት ናት።

ወንዶች ቀሚስ የለበሱበት ዘመን

ነገሩን ለመረዳት ከመነሻው መጀመር ያስፈልጋል። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር የሚጀምረው ከፊታውራሪ (በኋላ በጅሮንድ) ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» መሆኑ ይታወቃል። በ1910ሮቹ ዓ.ም ይህ ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ ታይቶ ከተከለከለ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቴአትር የትምህርት ቤትና የቤተ መንግሥት ጉዳይ ሆኖ ቆየ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም ሲመሠረትም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሴትን ገፀ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። «አዝማሪ» መባልን የሚፈራ ቤተሰብ ሴት ልጁን መድረክ ላይ ሊያወጣ አይሞክርም ነበር።

ይህን አጥር ከሰበሩት ቀደምት ሴቶች መካከል ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና የክራር ንግሥት የተባሉት አስናቀች ወርቁ ይገኙበታል። በመስከረም 2004 ዓ.ም ያረፉት አስናቀች በድምጽም፣ በክራርም፣ በትወናም የሚጠሩ ነበሩ። ዋጋ ከፍለው በሩን ከፈቱ። በሩ ግን የተከፈተው ለተዋናይት እንጂ ለጸሐፊት አልነበረም። ሴቷ መድረኩ ላይ የምትናገረውን አሁንም ወንድ ይጽፍላት ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት ከቴአትር ቤቱ መጋረጃ በስተጀርባ በደንብ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ወንድ ሲጽፋት ምን ትመስላለች? በመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ የዘር ሐረግ የምትቆጥረውን አክስት ማስታወስ ይበቃል። የተማረው የወንድሟ ወይም የእህቷ ልጅ አዲሱን ዘመን ሲወክል እርሷ ያረጀውን ሥርዓት ትወክላለች። ተውኔቱ ድንቅ ኮሜዲ ነው፤ በክፍል ልዩነት ላይ የሰነዘረው ትችትም እስከ ዛሬ ይሠራል። ዳሩ ግን የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ሥርዓቱ ማርጀቱን ለማሳየት በሚፈልጉበት ጊዜ በቀላሉ የሚያገኟት ያረጀች ሴት ነበረች። ሽማግሌ ወንድ ሲሆን ታሪክ አዋቂ ይሆናል፤ አሮጊት ስትሆን ኋላ ቀር ትሆናለች።

ለየት ያለ ምሳሌም አለ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960ዎቹ ወደ አማርኛ ያመጡት «እናት ዓለም ጠኑ» መነሻው የጀርመናዊው በርቶልት ብሬሽት ሥራ ነው። በብሬሽት ተውኔት ውስጥ በጦርነት መሀል ጋሪ እየጎተተች የምትነግድ ሴት ከጦርነቱ እንጀራዋን ስታበስል ልጆቿን አንድ በአንድ ትገብራለች። ጎልማሳነትን ያለፈች ሴት ሙሉ ተውኔት ስትሸከም፣ ስትሳሳት፣ ስትከራከር፣ ትርፍና ኪሳራ ስታሰላ ማየት ለአማርኛ መድረክ ትልቅ ነገር ነው። አዝና ብቻ አትቀመጥም፤ ለደረሰባት ነገር ራሷም ተጠያቂ ናት። ገፀ ባሕርይ የሚባለውም ይኸው ነው።

ከጎንደሩ ከንቲባ ቤት የወጡት ጸሐፊት

ሴቶች ጨርሶ አልጻፉም ማለት ግን ስህተት ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም ተወለዱ። አባታቸው ገብሩ ደስታ «ከንቲባ» የሚለውን መጠሪያ ያገኙት በጎንደር ሹመታቸው ነው። ስንዱ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ በጣሊያን ወረራ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። በ1942 ዓ.ም «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ሥራቸውን አሳተሙ፤ በ1950 ዓ.ም ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነው ተመረጡ።

ስንዱ ለትምህርት ቤቱ በርካታ ተውኔቶችን ጽፈዋል። ተዋንያኑ ሴት ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ይህን ልብ ማለት ይገባል። ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ውጭ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ሴት በሚሆኑበት ዘመን እዚህ ሴት የጻፈችውን ሴቶች ይጫወቱታል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ነው፤ በየሳምንቱ ቲኬት እንደሚቆረጥበት ቴአትር ቤት የራሱ ቋሚ ተመልካች የለውም። ስንዱ ያረፉት በሚያዝያ 2001 ዓ.ም በ93 ዓመታቸው ነው። ስማቸው የሚነሳበት የተውኔት ሥራ ግን በአብዛኛው የትምህርት ቤት ዘመናቸው፣ ማለትም የጎልማሳነታቸው ፍሬ ነው። የአንዲት ወረራ፣ ግዞት፣ ፓርላማና አብዮት ያየች ሴት የሰባ ዓመት ዕይታ መድረክ ላይ ምን ይመስል ነበር? የቀረብን ይህ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት አርቲስት ዓለምፀሐይ ወዳጆ ከተዋናይነት ወደ ጸሐፊነትና ወደ አዘጋጅነት የተሻገሩ ናቸው። በስደት ሳሉም ዋሽንግተን ውስጥ ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን መሥርተው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ወደ ሰባዎቹ ዕድሜ የተጠጋች ሴት ጸሐፊና የመድረክ ሰው ማየታችን በራሱ አዲስ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል የተከፈተው በ1971 ዓ.ም ስለሆነ በዚያ በኩል ያለፉት የመጀመሪያዎቹ ሴት ምሩቃንም አሁን በዚሁ ዕድሜ ላይ ናቸው። በመሆኑም «የምትጽፍ ባልቴት የለችም» የሚለው ሰበብ ከእንግዲህ አይሠራም።

የሰሜኗ እቴጌ

እስኪ ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ እንመለስ። ከዚህ አካባቢ የዘር ሐረግ የወጣችና መድረክ ላይ በተደጋጋሚ የምትነሳ አንዲት ሴት አለች፤ እቴጌ ጣይቱ ብጡል። በአባታቸው በኩል የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ዘመድ ናቸው። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ካሣ ኃይሉ ድል አድርገዋቸው በየካቲት 1847 ዓ.ም ቴዎድሮስ ተብለው እንደነገሡ ይታወቃል። የጌትነት እንየው «እቴጌ ጣይቱ»ን ጨምሮ ቴአትራችን ለእኚህ ሴት ቦታ ሰጥቷል።

ሁላችንም ልባችን ላይ የምትቀረው ጣይቱ የውጫሌዋ ተከራካሪና የዓድዋዋ አዝማች ናት። የልደት ዘመናቸው ቢያከራክርም በየካቲት 1888 ዓ.ም ዕድሜያቸው ቢያንስ ወደ አርባ አምስት ነበር። በዘመኑ ሚዛን ወጣት አልነበሩም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ የባሰ ድራማ አለው። አፄ ምኒልክ በሕመም ሲወድቁ ሥልጣኑን በእጃቸው አስገቡ፤ በ1902 ዓ.ም መኳንንቱ ተባብረው ገለል አደረጓቸው። ባላቸው በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ካረፉ በኋላ እንጦጦ ላይ ኖሩ። በኅዳር 1910 ዓ.ም የቀረ ዕድሜያቸውን ጎንደር ሄደው ለማሳለፍ ፈቃድ ጠየቁ። ተከለከሉ። ሦስት ወር ሳይሞላ የካቲት 4 ቀን ዐረፉ።

አንዲት አሮጊት፣ አንድ ተራራ፣ አንድ የማይመጣ ፈቃድ። ብዙ ሠራዊት፣ መድፍና ፈረስ የማይፈልግ፣ ሁለት ሦስት ተዋንያን የሚበቁት ተውኔት ነው። የሚፈልገው ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናት ተዋናይትና ያንን ዕድሜ ከውስጥ የምታውቅ ጸሐፊት ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

የጋናዋ አማ አታ አይዱ እ.ኤ.አ በ1970 ባሳተመችው «አኖዋ» ላይ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት መድረኩ ዳር ቆመው በታሪኩ ይከራከራሉ። አሮጊቷ ትወቅሳለች፣ ሽማግሌው ያመዛዝናል፤ ፍርዱ ለተመልካች ይተዋል። ይህ ቅርጽ የተወሰደው ከመንደር ተረት አነጋገር ነው። እንግሊዛዊቷ ካሪል ቸርችል ደግሞ እ.ኤ.አ በ2016 በ77 ዓመቷ ለመድረክ ያበቃችው ተውኔት አራት አሮጊቶችን ጓሮ ውስጥ ቁጭ አድርጎ የሚያጫውት ነው። ወግ እያወጉ ስለ ዓለም መጥፊያ ያወራሉ።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን የጥንቱ ነው። ኤውሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ባቀረበው «የትሮይ ሴቶች» ከተማይቱ ወድቃለች፤ ወንዶቹ ተገድለዋል፤ አሮጊቷ ንግሥት ሄኩባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረክ ላይ ሆና ሙሾ ታወርዳለች። ለዳባት ባልቴት ይህን ተውኔት ማስረዳት አያስፈልግም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም መጨረሻ በጦርነቱ ወቅት የትግራይ ኃይሎች ጭናን በያዙበት ጊዜ በርካታ ሲቪሎች መገደላቸውን የሰብዓዊ መብት ተቋማት መዝግበዋል። ሪፖርቱ ቀንና ቁጥር ይይዛል። የሟቾቹን ጠባይ፣ የቤታቸውን ወግ፣ ያልተጠናቀቀ ጉዳያቸውን የያዘው ግን የለቀስተኞቹ ግጥም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛው መመዝገብ ነው። ሙሾ አውራጅ ስትሞት ቤተ መጻሕፍቷም አብሯት ይቀበራል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ከልክ ያለፈ ለቅሶን ስለሚገስጹ፣ ወጣቱም በድምጽ ማጉያ ስለለመደ ሙያው እየሳሳ ነው። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ደባርቅ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ተማሪዎቹ ይህን ለማድረግ ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም። ቅጂው ግን በባለቤቷ ስምና ፈቃድ ይሁን። «ከሕዝብ የተገኘ» ተብሎ ስሟ ከተፋቀ ያው የድሮው ነገር ነው።

ሁለተኛው የቴአትር ቤቶቹ ድርሻ ነው። ተውኔት ሲገመገም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨመር፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናት ሴት ምን ትፈልጋለች? መልሱ «ልጇ ደህና እንዲሆንላት» ብቻ ከሆነ ጸሐፊው ይመለስና ያስብ። ሰው ስልሳ ሲሞላው መሬት መፈለግ፣ መቅናት፣ መዋሸት፣ ማፍቀር፣ ፖለቲካ ማውራት አያቆምም። እያንዳንዳችን ቤት ያሉትን እናትና አያት ብንመለከት ማስረጃው ሞልቷል።

ጣይቱ የጠየቁት ፈቃድ ሳይመጣ ቀረ። ዛሬ ግን ፈቃዱን የሚሰጠው ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ጸሐፊውና ቴአትር ቤቱ ናቸው።