ደን እንዴት ይለካል? ለዓለምስ እንዴት ይነገራል?



ከአያት ሆናችሁ ወደ እንጦጦ ጋራ ብትመለከቱ ጋራው አረንጓዴ ነው። አብዛኛው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ጥድና ወይራም አለበት። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ግን «ደን» ተብሎ አይመዘገብም። የሚወስነው ልኬት ነው።

የዓለም ዘገባ ከየት ይመጣል?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የዓለምን ደን በተመለከተ የመጀመሪያውን ቆጠራ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። አሁን በየ5 ዓመቱ ያወጣል። መረጃውን በዋናነት የሚልኩት አገሮቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዘገባ 236 አገሮችና ግዛቶች ተካተው፣ የዓለም ደን 4.06 ቢሊዮን ሄክታር፣ ማለትም ከየብሱ 31 በመቶ መሆኑ ተገልጿል። ስለዚህ ከታች የተላከ የተሳሳተ ቁጥር እስከ ላይ ተሳስቶ ይደርሳል።

ደን የሚባለው የትኛው ነው?

በፋኦ መለኪያ ደን ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 5 ሜትር የዛፍ ቁመትና 10 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ትርጉም ስፋቱ ያው 0.5 ሄክታር ሆኖ፣ ቁመቱ ቢያንስ 2 ሜትር፣ ሽፋኑ ቢያንስ 20 በመቶ ነው። ቀርከሃም ይቆጠራል። ለዚህ ልክ ገና ያልደረሰ፣ ነገር ግን ሊደርስ የሚችል ተክልም ይካተታል።

በምሳሌ እንየው። 0.5 ሄክታር 50 ሜትር በ100 ሜትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከዚህ መሬት ቢያንስ 1,000 ካሬ ሜትሩ በዛፍ ጥላ ሥር ከዋለ ሽፋኑ 20 በመቶ ሞልቷል። በአጥር ዙሪያ የተተከሉ ዛፎች ጥቅማቸው ብዙ ቢሆንም በዚህ ልክ ደን አይባሉም።

ቁጥር ሲለወጥ ምክንያቱን ጠይቁ

በፋኦ የ2010 ዘገባ የአገራችን የደን ሽፋን 11 በመቶ ገደማ ነበር። ከአዲሱ ትርጉም በኋላ 15.5 በመቶ ተባለ። ልዩነቱ ሁሉ በተከላ የመጣ አይደለም፤ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ዝቅ ሲል ቀድሞ ያልተቆጠሩ የቆላ ዛፎች ገብተዋል። በአንጻሩ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችው ሰነድ፣ ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ገደማ ደን ሲጠፋ በአዲስ የተተካው 19,000 ሄክታር ገደማ ነበር። ሽፋኑ በወረቀት ሲጨምር ደኑ በመሬት ላይ ሊመናመን ይችላል ማለት ነው።

ለእናንተ ምን ይጠቅማል?

በወላይታ ሁምቦ አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው እንዲያገግም አድርገዋል። ደኑ አየር ውስጥ የሚገኘውን ካርቦን በመምጠጡም ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። ክፍያው የመጣው በተተከለ ችግኝ ብዛት ሳይሆን ተለክቶ በተረጋገጠ ዕድገት ነው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

1. የተከላችሁትንና የጸደቀውን ለየብቻ መዝግቡ። 1,000 ተክላችሁ 600 ከጸደቀ፣ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ።
2. የዛፉን ውፍረት ሁልጊዜ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለኩ። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከላይኛው በኩል ቁሙ። ዙሪያውን በሜትር ለክታችሁ ለ3.14 ብታካፍሉት ውፍረቱን ታገኛላችሁ።
3. ባሕር ዛፍ ስትቆርጡ ቀኑን ጻፉ። ከጉቶው መልሶ እንዲያቆጠቁጥ ከተተወ መሬቱ ደንነቱን አያጣም። ታርሶ እህል ከተዘራበት ወይም ቤት ከተሠራበት ግን ከደን መዝገብ ይወጣል።
4. በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ በዚያው ቦታ ለኩ። ሳተላይት ከላይ የሚያየው የሚረጋገጠው መሬት ላይ በተወሰደ ልኬት ነው።

ለልማት ሠራተኛው የምትሰጡት ቁጥር ያያችሁትና የለካችሁት ይሁን። ያነሰ ቁጥር አያሳፍርም፤ የት እንደገና መተከል እንዳለበት ያሳያል። የተጋነነ ቁጥር ግን የደረቀውን ችግኝ ሸፍኖ፣ ለተራቆተው ጋራ ሊደርስ የሚገባውን ድጋፍ ያስቀራል።