የንግድ ምልክትን በኤውሮጳ ኅብረት ስለ ማስመዝገብና ስለ መጠበቅ

ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፥ ከሂርናና ከሀብሮ ቡና ሰብስቦ፥ አስለቅሞ፥ በከረጢቱ ላይ የራሱን ምልክት አሳትሞ በሚኤሶ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያወርድ ነጋዴ፥ ለዕቃው መድን የሚጨነቀውን ያህል ለስሙ ሲጨነቅ ብዙ ጊዜ አይታይም። ዕቃው በባሕር ላይ ቢጠፋ ኪሣራው የአንድ ጊዜ ነው። ስሙ በባዕድ እጅ ቢገባ ግን ከዚያ ወዲያ የሚልከው ሁሉ ያለ ስም ይቀራል፤ ይባስ ብሎም በገዛ ምልክቱ የታተመው ከረጢት በኤውሮጳ ጉምሩክ ሊያዝበት ይችላል።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይገባዋል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ የንግድ ምልክት ለ7 ዓመት የጸና ሆኖ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል፤ ኃይሉ ግን ከአገሩ ድንበር አያልፍም። ደወሌን የተሻገረ ከረጢት በሚደርስበት አገር ሕግ ይዳኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምዕራብ ሐረርጌ ነጋዴ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የራሱ ቡና ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ በኩል «ሐረር»፥ «ሲዳሞ» እና «ይርጋ ጨፌ» የሚባሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት በ2005 ለአሜሪካ መንግሥት ማመልከቻ አቀረበ። ይርጋ ጨፌ በ2006 ተመዘገበ። በሐረርና በሲዳሞ ላይ ግን የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አነሣ፤ መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ስሞቹ የቡናውን ዓይነትና የተገኘበትን ስፍራ ከመግለጽ በቀር የአንድን ባለቤት ዕቃ ከሌላው አይለዩም ሲል መጀመሪያ መለሳቸው። ብዙ ክርክር ከተደረገ፥ በ2007ም ስታርባክስ ከሚባለው ታላቅ ኩባንያ ጋር ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ጉዳዩ ተቃንቶ ሦስቱም ተመዘገቡ። በጃፓንም የአገሩ የቡና ማኅበር ምዝገባው እንዲፈርስ ጠይቆ ነበርና ክርክሩ እስከ 2010 ድረስ በፍርድ ቤት ቆይቷል። በኤውሮጳ ኅብረትም ምዝገባው ተገኝቷል።

ከዚህ የሚከተለው ለነጋዴው ሁለት ነገር ነው። «ሐረር» የሚለው ስም የመንግሥት እንጂ የማንም ነጋዴ የግል ምልክት አይደለምና በስሙ የሚጠቀም ሰው ከባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት የፈቃድ ውል ይዋዋላል፤ ለፈቃዱም የስም ኪራይ አይከፈልበትም። የግል ምልክቱ ግን የቦታ ስም ባይሆን ይመረጣል። መንግሥትን ያህል አመልካች ዓመታት ያስቸገረ ጉዳይ አንድን የሚኤሶ ነጋዴ ምን ያህል ሊያደክመው እንደሚችል ማሰብ ነው።

በኤውሮጳ ኅብረት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት በእስፓኝ አገር በአሊካንቴ ከተማ ይገኛል። አንድ ማመልከቻ በ27ቱ አገሮች ሁሉ ያገለግላል። ማመልከቻው በኅብረቱ ቋንቋዎች በአንዱ ይጻፋል፤ ሁለተኛ ቋንቋም ከእንግሊዝኛ፥ ከፈረንሳይኛ፥ ከጀርመንኛ፥ ከጣሊያንኛና ከእስፓኝኛ ይመረጣል። ዋጋው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሲቀርብ ለመጀመሪያው የዕቃ ክፍል 850 ኤውሮ፥ ለሁለተኛው 50፥ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 150 ነው። ቡና፥ የተቆላውም ያልተቆላውም፥ በ30ኛው ክፍል ይመደባል። ከኤውሮጳ ውጭ የሚኖር ነጋዴ ማመልከቻውን ራሱ ሊያስገባ ቢችልም ለቀረው ሥራ ሁሉ በዚያ የሚሠራ ሕጋዊ ወኪል መሾም ግዴታው ነው፤ የወኪሉም ደመወዝ ከምዝገባው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ መነጋገር ይሻላል።

ምልክቱ ከተመረመረ በኋላ ለሕዝብ ይገለጻል፤ የሚቃወም ካለ በ3 ወር ውስጥ ይቃወማል። እዚህ ላይ የአንድ ማመልከቻ ጥቅሙ ጉዳትም አለበት፤ በአንዲት አገር ብቻ ቀደም ብሎ የተመዘገበ ተመሳሳይ ስም ቢገኝ ማመልከቻው በጠቅላላው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከማመልከት በፊት መዝገቡን ማስፈተሽ ገንዘብ ማባከን አይደለም።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም በዚያ እንደ ቃል ሳይሆን እንደ ሥዕል ይመዘገባል፤ ገዢው የሚያነበውን የላቲን አጻጻፍ ለብቻው ማስመዝገብ ያስፈልጋል። አጻጻፉም አንድ ይሁን። ዘንድሮ በአንድ «ር»፥ ለከርሞ በሁለት «ር» የሚታተም ከረጢት ለባለቤቱ ሳይሆን ለተከራካሪው ምስክር ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ስሙን የሚወስደው ብዙ ጊዜ ሩቅ ሰው አለመሆኑ ነው። የኤውሮጳው ገዢ ወይም አከፋፋይ «ነገሩን እዚህ እኔ እጨርስልሃለሁ» ብሎ ምልክቱን በራሱ ስም የሚያስመዘግብበት ጊዜ አለ። በክፉ ልቡና የተደረገ ምዝገባ እንዲፈርስ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ ማስረዳቱ በከሳሹ ላይ ነው፤ ክርክሩም ከምዝገባው እጅግ ይወደዳል። በሽያጭ ውሉ ውስጥ ምልክቱ የሻጩ ንብረት መሆኑን የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ይህን ሁሉ ያቀልላል።

የተመዘገበ ምልክት ለ10 ዓመት የጸና ነው። እድሳቱ ጊዜው ከማለፉ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ ይጠየቃል፤ ያመለጠው ሰው ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ በሚቀጥሉት 6 ወራት ሊያድስ ይችላል። ይሁንና እድሳት ብቻውን አይበቃም። ለ5 ዓመት ያለማቋረጥ በሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት ጠያቂ ከመጣ ይሰረዛል። ይህ ለቡና ላኪ ልዩ ችግር አለው፤ ገዢው ቡናውን ቆልቶ በራሱ ስም ከሸጠ የላኪው ምልክት ከከረጢቱ ጋር በመጋዘን ይቀራልና ማስረጃው ይሳሳል። ምልክቱ የተጻፈባቸውን የዋጋ ሰነዶች፥ የመርከብ ጭነት ሰነዶችና የከረጢቱን ፎቶግራፍ ከነቀናቸው በፋይል ማስቀመጥ የጸሓፊው የዘወትር ሥራ ሊሆን ይገባል። አሜሪካ ደግሞ ከዚህ የተለየ ደንብ አላት፤ በ5ኛውና በ6ኛው ዓመት መካከል ምልክቱ በሥራ ላይ መሆኑን የሚያረጋግጥ መግለጫ ካልቀረበ ምዝገባው ይሰረዛል።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ስለ ወጣች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የኅብረቱ ምዝገባ እዚያ አያገለግልም። አስቀድሞ ተመዝግቦ ለነበረ ሁሉ በእንግሊዝ ራሱን የቻለ ምዝገባ በነጻ ተሰጥቶታል፤ ነገር ግን እድሳቱ ለብቻው ነውና አንዱን አድሶ ሌላውን የረሳ ነጋዴ የለንደንን ገበያ ሳያውቀው ሊያጣ ይችላል።

ምዝገባው በታተመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የመንግሥት ደብዳቤ የሚመስል፥ ማኅተምና አርማ ያለበት የክፍያ መጠየቂያ በፖስታ ሊደርስ ይችላል። የአሊካንቴው መሥሪያ ቤት በዚህ ዓይነት ደብዳቤ ገንዘብ እንደማይጠይቅ ደጋግሞ አስታውቋል። እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው ሰው ለወኪሉ ሳያሳይ አንድም ሳንቲም አይላክ።