አደራ የተሰጠን ሂቢስከስ

ባለፈው ዓመት ተመርቀው የሄዱ ጓደኞቻችን በወተት ጣሳ የተተከለ ሂቢስከስ ትተውልን ነበር። እኛም አደራ በላ እንዳንባል ጧትና ማታ ውሃ እናጠጣው ጀመር። ኅዳር ሲገባ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ እንቡጡም ሳይፈነዳ ረገፈ። የጠማው መስሎን ውሃ ጨመርንበት። በመጨረሻ ነቅለን ብናየው ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል፤ ጣሳው ለካ ታቹ አልተበሳም ኖሯል! በየመስኮታችሁ እንዲህ ያለ ተክል ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ስሕተታችንን እንዳትደግሙት ይህን እንጽፋለን።

ሊኔዎስ በ1753 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ስም «የቻይና ጽጌረዳ» ማለት ነው፤ ዘመዶቹ ግን ጥጥና ባምያ እንጂ ጽጌረዳ አይደለም። ሻይ የሚፈላው ከርከዴም የቅርብ ዘመዱ ነው።

ተክሉ የሞቃት አገር ልጅ ስለ ሆነ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ሊቆም ይደርሳል፤ ሥሩም ውሃ መሳቡን ይቀንሳል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚህም ይበርዳል። ያን ጊዜ ያጠጣነው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ ስለማይስብ ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። እኛን ያሳሳተን ይኸው ነው።

እንግዲህ ከማጠጣት በፊት ጣትን አፈሩ ውስጥ ከተት ማድረግ ነው። ላዩ ከደረቀ ከታች እስኪንጠባጠብ ማጠጣት፤ ካልደረቀ መተው። ከሥሩ ሳሕን ካለ የተጠራቀመውን መድፋት።

ክፍል ውስጥ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ይቀመጥ፤ ጨለማ ውስጥ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ወደ ግቢ የሚያወጣው ሰው ግን አስቀድሞ ሳምንት ያህል በጥላ ያለማምደው፤ አለዚያ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ድሬዳዋና ሐዋሳ ቤተሰብ ያላችሁ መሬት ላይ ብትተክሉት አጥር ይሆንላችኋል፤ በዚያ ሙቀት የሚያሰጋው ጥማቱ ነው።

አበባው በማግሥቱ ቢጠወልግ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው አንድ ቀን ነው። የሚያብበውም በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለ ሆነ ብርዱ ሲያልፍ መግረዝ ይጠቅመዋል። ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ከሰፈረበት ቅጠሉን ከላይም ከታችም በቀጭን የሳሙና ውሃ ማጠብ ነው።

እኛ ከሞት የተረፈውን አንድ ቅርንጫፍ ስንዝር ያህል ቆርጠን በእርጥብ አሸዋ ተከልነው፤ በመጋቢት አራት ቅጠል አወጣ። አሁን የተበሳ ጣሳ አለው። በክረምቱ ዕረፍት ከተማ የሚቀር ጠባቂ እንፈልግለታለን፤ ጣቱን አፈር ማስነካት የማይጸየፍ ይሁን።