«ወንድሜን በብርድ ልገድለው ነበር!»

አሜሪካ የገባ ሁሉ ሞቆት የሚያድር ለሚመስላችሁ የራሴን ጉድ ላጫውታችሁ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ቦስተን አጠገብ ባለ አሮጌ ቤት ነው። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውሃ ያፈላና እንፋሎቱን በቧንቧ ወደየክፍሉ ራዲያተር ይልካል። ውጪው በረዶ፣ ሳሎናችን ድሬዳዋ!

ታናሽ ወንድሜ በዲቪ ሲመጣ ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ጎን ያለችውን ክፍል ሰጠነው። «እሳት አጠገብ ተኝቶ ምን ይበርደዋል?» አልን። ለካስ ተሳስተናል! እንፋሎት ራዲያተር ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ወደ ቦይለሩ መመለስ አለበት። ራዲያተሩ ከቦይለሩ ውሃ በታች ከሆነ በምን ይመለሳል? ለዚህ ነው ያቺ ክፍል ራዲያተር ያልነበራት።

ወንድሜ ይሉኝታ ይገድለዋል። ጃኬቱን ለብሶ እየተኛ ትንፍሽ አላለም። በጥር 2015 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሮጠን ብንወርድ ለሥጋ ጥብስ የገዛነውን ከሰል አቀጣጥሎ፣ በሩን ጥርቅም አድርጎ ተኝቷል! ጎትተን አወጣነው፤ ሆስፒታል ኦክሲጅን ተሰጥቶት ተረፈ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እትዬ፣ ቤት ሰጥተሽኝ ደግሞ በረደኝ ልበልሽ?»

አንጀቴን በላው።

ባለቤቴ በእልህ መፍቻ አነሳ፤ እኔ ግን ባለሙያ ጠራሁ። ሌላ ቦይለር አላስፈለገም። ቦይለሩ ውስጥ እንፋሎቱ ከላይ፣ ትኩሱ ውሃ ከታች ነው። ባለሙያው ከውሃው ልክ በታች ቧንቧ ቀጠለ። ትንሽ ፓምፕ ትኩሱን ውሃ ወደ ወንድሜ ክፍል ራዲያተር ትገፋለች፤ ውሃው ዞሮ ቦይለሩ ይገባል። ክፍሏ የራሷ ቴርሞስታት አላት። ላይኛው ፎቅ ሙቀት ሳይፈልግ እንፋሎት እንዳይነሳ፣ ውሃው 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ እሳቱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም ተገጠመ። የእንፋሎት ቦይለር ውሃ ዝገት ስለሚበዛው ማጣሪያና ዝገት የማይበላው ፓምፕ ያስፈልጋል።

ባለቤቴን ግን አስጠነቀቀው፤ «አዲሱ ቧንቧ ካፈሰሰ የቦይለሩ ውሃ ይጎድላል። ውሃ ሲጎድል እሳቱን የሚያጠፋውን መሣሪያና ግፊት ሲበዛ የሚተነፍሰውን ቫልቭ እንዳትነካ!» አለው። ውሃ ያለቀበት ቦይለር ሲነድ ይሰነጠቃል፤ የባሰም ሊመጣ ይችላል።

እናንት አዲስ አበባ ያላችሁ «ቦይለር ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ከሰል ግን በየቤታችሁ አለ። ጢስ ስለሌለው አትመኑት፤ መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ፍም ይዛችሁ ቤት ዘግታችሁ አትተኙ! ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ቶሎ ውጡ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በብርድ ቤት ግን አይሠራም። እንግዳ የተቀበላችሁም «ተመቸህ?» ብላችሁ አትለፉት፤ ወርዳችሁ እዩ። እኔ አንድ ሌሊት እዚያች ክፍል ባድር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ!

ወንድሜ ዛሬ በካናቴራ ነው የሚተኛው። ባለፈው እንዲያውም «እትዬ፣ ሙቀቱ በዛ፤ ቀንሱልኝ» አለኝ። ስሞታው እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም!