የቀይ ባሕር ስኩተር ባሮ ላይ ለምን ይሰጥማል?

ጠላቂዎች በእጃቸው ይዘው የሚጓዙበት የውኃ ውስጥ ስኩተር ቀይ ባሕር ላይ ሳይሰጥምም ሳይንሳፈፍም እንዲቆም ተስተካክሎ ከሆነ፣ ጋምቤላ ሲደርስ ይሰጥማል። ዕቃው አልተበላሸም፤ የተለወጠው ውኃው ነው። ውኃ ዕቃን ወደ ላይ የሚደግፈው ዕቃው ገፍቶ ባስለቀቀው ውኃ ክብደት ልክ ነው። 1 ሊትር የቀይ ባሕር ውኃ 1,027 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ጨው አልባው የጋምቤላው ባሮ ወንዝ ከ1,000 እምብዛም አይርቅም። 10 ሊትር ቦታ የሚይዝ ስኩተር እንግዲህ 270 ግራም ያህል ድጋፍ ያጣል። ለክብደት ከተጨመረበት እርሳስ ያንኑ ያህል ቀንሱለት። የሚቀነስ ከሌለ ጠንካራ ፎም እሰሩበት፤ የፍራሽ ስፖንጅ ግን አይሆንም፣ ውኃ ይጠጣል። አፍንጫው ከደፋ ፎሙ ወደ ፊት ይሂድ፤ አለዚያ ጉዞውን ሙሉ በእጅ አንጓችሁ ስትታገሉት ትውላላችሁ።

በክረምት በደፈረሰው ባሮ ውስጥ ከእጅ ያመለጠ ዕቃ አይታይም። ስለዚህ እኔ ትንሽ ወደ መንሳፈፍ እንዲያደላ አደርገዋለሁ፤ 100 ግራም ይበቃል። ሙከራውን የወንዙ ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አድርጉት። ባሮ አዞ አለበት (ለምን በርሜል ብሎ የጋምቤላ ሰው አይጠይቀኝም)። ስትለኩ ባትሪው ገብቶ፣ ክዳኑም ተዘግቶ ይሁን፤ ያለ ባትሪ የተለካ ሚዛን ዋጋ የለውም።