የፊደል ስህተት መፈለግ ይብቃ

«ፊደሉ እኮ አንድም ስህተት አልነበረበትም!» አለችኝ፣ ሜሪላንድ የምትኖር፣ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ በኦንላይን ገበያ የምትሸጥ እህታችን። «አካውንትዎ ሊታገድ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ማንነትዎን ያረጋግጡ» የሚል ኢሜይል ደርሷት፣ እንደተመከረችው ቃል በቃል አነበበችው። ኮሌጅ የገባው ልጇም አነበበው። ስህተት ስላጡበት ሊንኩን ተጫነች፤ የይለፍ ቃሏንና በስልኳ የመጣላትን ኮድ አስገባች። እኔ ዘንድ ስትመጣ የሽያጭ ገንዘቧ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ በሌላ ሰው ተቀይሯል።

ይህች ሴት ቸልተኛ አይደለችም። የተነገራትን ሁሉ አድርጋለች። ጥፋቱ የምክሩ ነው።

የማጥመጃ ኢሜይል በተሰባበረ እንግሊዝኛው ይታወቃል የሚለው ትምህርት ዛሬም በየሥልጠናው ሲደገም እሰማለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ታክቶኛል። የማይክሮሶፍቱ ተመራማሪ ኮርማክ ኸርሊ በ2012 ባወጣው ጽሑፍ፣ ያልተጠበቀ ሀብት እናካፍልህ የሚሉ አጭበርባሪዎች ታሪካቸውን ሆን ብለው የማይመስል እንደሚያደርጉት አስረድቷል፤ ተጠራጣሪው ገና ከጅምሩ ይቀርላቸዋልና። ከሰው ጋር ለሳምንታት ለሚጻጻፍ ሌባ ይህ ይጠቅመዋል። የሻጭን አካውንት የሚፈልገው ግን የሁለት ደቂቃ እምነት ብቻ ይበቃዋል። የገበያውን እውነተኛ ኢሜይል እንዳለ ይገለብጥና ሊንኩን ብቻ ይቀይራል። ምን ስህተት ይገኝበታል? ለመገልበጥ የሰነፈም ቢሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያጠራለታል። ደግሞስ እንግሊዝኛን በጉልምስና የተማረን ሰው በሰዋስው ሌባ እንዲለይ ማዘዝ ፍርደ ገምድልነት አይደለም?

«የላኪውን አድራሻ እዩ» የሚለውም ከዚህ ብዙ አይሻልም። አጭበርባሪው ራሱ ገዢ መስሎ አካውንት ይከፍታል፤ ስሙን «የደንበኞች ድጋፍ» ብሎ ይሞላል፤ ከዚያ በገበያው መልእክት መጻፊያ ለሻጩ ይጽፋል። «መልእክት ደርሶዎታል» የሚለውን ኢሜይል የሚልከው ገበያው ራሱ ስለሆነ አድራሻው እውነተኛ ነው። ሊንክ እንዳይያዝበት ደግሞ በካሜራ የሚነበብ የኪውአር ኮድ ምስል ያያይዛል። አዲስ ሻጮች በመጀመሪያው ሽያጭ ደስታ ላይ እያሉ «ትእዛዙን ለመቀበል ካርድዎን ያረጋግጡ» ተብለው የሚያዙት በዚህ መንገድ ነው። በአድራሻ መስመሩ ላይ ያለውን የቁልፍ ምልክት አምናለሁ የሚልም አለ። ለድረ ገጽ ያንን ምልክት የሚያስገኘው ሰርተፊኬት ከ2015 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ ጎግል ክሮምም ሰው በተሳሳተ መንገድ እየተረዳው መሆኑን አይቶ በ2023 ምልክቱን ከአድራሻ መስመሩ አንስቶታል።

ዐይን እንደማያድን የሚጠራጠር ካለ ትሮይ ሃንትን ያስታውስ። የመረጃ ስርቆት ሰለባዎችን የሚያሳውቀውን «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የተባለ ድረ ገጽ የመሠረተው ይህ ባለሙያ፣ በመጋቢት 2025 በረራ አድክሞት ሳለ በደረሰው ኢሜይል ተታልሎ የይለፍ ቃሉንና ኮዱን አስገባ፤ 16,000 ያህል የኢሜይል አድራሻዎች ተወሰዱበት። የይለፍ ቃል መያዣ ፕሮግራሙ ግን አልተታለለም ነበር። ገጹ የሚያውቀው ስላልሆነ ቃሉን አልሞላም፤ ሃንት ነው በእጁ ያስገባው።

ስለዚህ ለሻጮች የምለው ሌላ ነው። ኢሜይሉ እውነት ይሁን ሐሰት አትመርምሩ። ዝጉትና አፑን ራሳችሁ ክፈቱ። እውነተኛ ችግር ካለ እዚያው ይጠብቃችኋል፦ ኢቤይ አካውንትን የሚመለከት ኢሜይል ሲልክ ቅጂውን በመልእክት ሣጥናችሁ ያስቀምጣል፤ ኤትሲ ከራሱ ለሚመጡ መልእክቶች የተለየ ማኅደር አለው። እዚያ ከሌለ ውሸት ነው። ከተቻለ በኮድ ፈንታ ፓስኪ፣ ማለትም ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ የሚይዘውን የመግቢያ ቁልፍ፣ ተጠቀሙ። በስልክ የሚመጣን ኮድ የሐሰቱ ገጽ ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት ለእውነተኛው ያቀብለዋል፤ ፓስኪ ግን ከተሠራለት አድራሻ ውጭ አይሠራም። ጎግል በተመሳሳይ መርሕ የሚሠራ የደኅንነት ቁልፍ ለሠራተኞቹ ግዴታ ያደረገው በ2017 መጀመሪያ ነበር፤ በ2018 ከ85,000 በላይ ሠራተኞቹ መካከል በሥራ አካውንቱ የተጠመደ እንደሌለ አስታውቋል።

ኮዱን አስገብታችሁ ከሆነ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጡ፤ ገንዘብ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ አረጋግጡ፤ በካርዳችሁ ጀርባ ባለው ቁጥር ለባንኩ ደውሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የኢሜይሉን ማስተላለፊያ ቅንብር ነው፤ ሌባው ማስጠንቀቂያዎች እንዳይደርሷችሁ እዚያ ትእዛዝ ሊተው ይችላል። እህታችን አፍራ ሁለት ቀን ዝም ባትል ኖሮ አንዱ ክፍያ ሳይወጣ ይያዝ ነበር።

ሥልጠና የምትሰጡ የሙያ ባልደረቦቼ፣ «የፊደል ስህተት ፈልጉ» የሚለውን ገጽ ከማስተማሪያችሁ አውጡልኝ። በቦታው አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ በኢሜይል በመጣ ሊንክ ወደ ሱቃችሁ አትግቡ።