ከቹኒ ጋር የተወነው ልጅ

በሰሜን ሸዋ፣ ራቤል ላይ በግ የሚጠብቅ ልጅ ብርቅ አይደለም። ብርዱን በሻካራ ፀጉሩ የሚችለው የመንዝ በግ ከኋላው ዱላ የያዘ ትንሽ እረኛ አያጣም። ብርቅ የሚሆነው ያ ልጅ ሲኒማ ውስጥ ሲገባ ነው።

በግንቦት 2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ የካን ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» ይህን አደረገ። በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሸከመው ደግሞ ረድኤት አማረ የተባለ ልጅ ነው። የሚጫወተው የዘጠኝ ዓመቱን ኤፍሬምን ነው። እናቱ ሞታለች፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ከበጉ ከቹኒ ጋር ዘመድ ቤት ይተወዋል። የቤቱ አባወራ ቹኒን ለበዓል ሊያርድ ያስባል። ኤፍሬም ግን ከሞፈር ይልቅ ምጣድ ይቀናዋልና ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል፣ የመሳፈሪያ ብር ሊያጠራቅም።

ትወና ለልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን ካሜራው ቦታ በቀየረ ቁጥር ያው ለቅሶ፣ ያው ሩጫ ይደገማል። ልጁ ቢታገሥ እንኳ በጉ የዳይሬክተር ትእዛዝ አይሰማም።

በዚህ ሥራ ቀድሞ ስማቸው ከገነነ ልጆች አንዱ የሆሊውዱ ጃኪ ኩጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በወጣው «ዘ ኪድ» ፊልም ላይ መስኮት በድንጋይ ሰብሮ ይፈረጥጣል፤ ወዲያው ቻርሊ ቻፕሊን መስተዋት ተሸክሞ «ልጠግን» ብሎ ብቅ ይላል። ሳቁ እስከ ዛሬ አላረጀም። ኩጋን ሚሊዮኖች አስገኘ፤ አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ ግን ተበልቶ አገኘው። በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ፤ የደረሰው 126,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። በማግስቱ ዓመት ካሊፎርኒያ የሕፃናት ተዋንያን ገቢ ከፊሉ እንዲቀመጥላቸው የሚያስችል ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

እኛ ዘንድ «ልጁ ምን ገባው» ማለት ይቀለናል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀረጻ በፊት ገንዘቡ በማን ስም፣ የት ባንክ እንደሚቀመጥ ውሉ ላይ ይጻፍ ባይ ነኝ።

ኩጋን ከክሱ በኋላም ትወናውን አልተወም። በ1960ዎቹ «አዳምስ ፋሚሊ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ራሰ በራውን አጎት ፌስተርን ሆኖ አሜሪካውያንን እንደገና አሳቃቸው።